ለአልጀብራ የመጡ ሽማግሌዎች

እሌኒ በሩን ከፍታ ሦስቱን ሰዎች አንድ ላይ ስታያቸው እጇ መዝጊያው ላይ ቀረ።

ፊት የቆሙት ጋሽ ሽብሩ ናቸው። ከአዲስ አበባ የሚመጡ ነጋዴዎች የሸመቱትን ዕቃ አሽጎ የሚልክ የካርጎ ቢሮ ዱባይ፣ ዴይራ ውስጥ አላቸው፤ በዚያ የአጅማን ሙቀት ሙሉ ልብስ ከነክራቫቱ ግጥም አድርገው ለብሰዋል። ከጎናቸው እትዬ አሰለፈች ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል። ሻርጃ፣ ሮላ አካባቢ፣ አንድ አፓርታማ ይዘው ለአገር ልጆች ቤድ ስፔስ፣ አልጋ በአልጋ፣ ያከራያሉ፤ ድምፃቸው ግን ከአፓርታማው ይሰፋል። ከሁለቱ ኋላ ዲያቆን ማርቆስ አለ፤ በሥራ ቀን የዕቃ ማድረሻ መኪና ይነዳል፣ በሰንበት ቅዳሴ ይገባል።

እነዚህ ሦስት ሰዎች እዚህ ደጅ አብረው የቆሙት ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያን ቀን የአሰለፈች ነጠላ የተለበሰው እንዲህ አልነበረም። እሌኒ ሐሳቧን እዚያው ላይ ቆረጠችና፣

«ግቡ እንጂ፤ ምን ደጅ ያስቆማችኋል?» አለች።

ገቡ። ሳሎኑ መሀል ሲደርሱ ግን ሦስቱም ቀጥ ብለው ቆሙ። ሶፋውን ብታሳያቸው ዐይናቸውን እንኳን ወደዚያ አልጣሉም።

«ተቀመጡ፣ ጋሽ ሽብሩ።»

«አንቀመጥም።»

«ምነው በደኅና?»

«ቃልሽን ሳንሰማ አንቀመጥም፣ ልጄ። የመጣነው ለሽምግልና ነው።»

የእሌኒ ፊት ነደደ። ብቻዋን በምትኖር ሴት ቤት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ክራቫት ያሰሩ ሽማግሌ ቆመው «ቃልሽን» ሲሉ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም አይጠፋም። ማን ይሆን የላካቸው? እንዴት ደፈረ? «እንዲህ ያለ ነገር በልቤ የለም፤ ባሌን ክብረትን በምታውቁት በእናንተ አፍ ይህን አልሰማም» ልትል ቃሉን ምላሷ ላይ አሰናድታ ሳለች፣ ጋሽ ሽብሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ስለ ፋናዬ ነው» አሉ። «ስለ አልጀብራዋ።»

እሌኒ ያሰናዳችውን ቃል ዋጠች። ሳቅ ሊያመልጣት ሲል ወደ መስኮቱ ዞር ብላ እንደምታስተካክል መጋረጃውን ያዘች።

ፋናዬ ተማሪዋ ናት። እሌኒ አጅማን ባለ አንድ አነስተኛ ኮሌጅ ለማታ ተማሪዎች የመጀመሪያውን የአልጀብራ ኮርስ ታስተምራለች። ፋናዬ ከደሴ በኤጀንሲ መጥታ ሻርጃ በአንዲት ማዳም ቤት ሠርታለች፤ ውሏ ሲያልቅ ጋሽ ሽብሩ ቢሮ ገባች፤ ቀን ካርቶን ስታሳሽግ ውላ ማታ ትማራለች። ዓላማዋ የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን መሆን ነው። ወደዚያ ክፍል የሚያስገባው በር አልጀብራ ነው፤ በሩ የሚከፈተው ደግሞ በ«ሲ» ነው። ባለፈው ጊዜ ወድቃ ዘንድሮ ደግማ ትወስደዋለች። ሁለት ጊዜ የወደቀ ከፕሮግራሙ ይሰናበታል። አሁን ደግሞ ከ«ሲ» በታች ናት።

«ልጅቷ ልጃችን ናት» አሉ ጋሽ ሽብሩ፣ እንደ ሠርግ ሽማግሌ ድምፃቸውን ረጋ አድርገው። «የሰው ልጅ ያጠፋል፤ አዋቂ ደግሞ ይምራል። አስቀይማሽ እንደሆነ በእግርሽ ላይ ትውደቅ። ባታስቀይምሽም ትውደቅ። አንቺ ብቻ ይቅር በያት።»

«አላስቀየመችኝም። አላጠፋችም። ወደቀች እንጂ።»

«ያው አይደለም?»

«አይደለም፣ ጋሽ ሽብሩ።»

«ስንት ነው የጎደላት?»

«ብዙ አይደለም።»

«ኸላስ!» አሉ ሽማግሌው፣ እጃቸውን አጨብጭበው። «ሙሽኪላው፣ ችግሩ፣ ይኼ ብቻ ከሆነማ አለቀ። ብዙ ካልጎደለ ሙይላት።»

«ጋሼ፣ ማርክ እኮ በካርጎ አይላክም» አለ ማርቆስ ከኋላ።

«አንተ ዝም በል! ሽማግሌ ነህ ወይስ ቀልደኛ?»

እትዬ አሰለፈች እስካሁን ዝም ማለታቸው ራሱ ተአምር ነበር። አሁን አንድ እርምጃ ወደ እሌኒ ቀረቡ።

«እሌንዬ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በዚያን ሰሞን እኔ እዚህ ሶፋ ላይ ስንት ሌሊት ነው ያደርኩት? ልቆጥርብሽ አይደለም።»

አልቆጠሩም፤ ግን ተቆጠረ። እሌኒ ሁሉንም ታውቃለች። የክብረት አስከሬን አገር እንዲገባ ወረቀት ይዘው ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተቱ የዋሉት ጋሽ ሽብሩ ነበሩ። እስከ አውሮፕላን ማረፊያው የዕቃ መግቢያ በር ድረስ የሄደው፣ እሷ መሄድ ሲያቅታት፣ ማርቆስ ነበር። አሰለፈች ደግሞ አንድም ጊዜ «አይዞሽ» ሳይሏት ሾርባ እያቀረቡ የከረሙ ሴት ናቸው። እንዲህ ያሉ ሰዎች ሦስት ሆነው ቤትሽ ቢቆሙና «አንቀመጥም» ቢሉሽ ምን ትያለሽ? አገር ቤት ቢሆን እሺ ከማለት በቀር ሌላ ቃል አይገኝም።

እሌኒ መጋረጃውን ለቀቀችና ፊቷን ወደ እነሱ መለሰች።

«ውለታችሁን አልረሳሁም፤ አልረሳምም። በእኔ ጉልበት፣ በእኔ ቤት፣ በእኔ በሆነ ነገር ሁሉ ልትጠይቁኝ ትችላላችሁ። በፋናዬ ወረቀት ላይ ግን አልከፍላችሁም። ማርኩ የእኔ አይደለም።»

ሦስቱም እርስ በርስ ተያዩ።

«እሷ የት አለች?» አለች እሌኒ።

«ታች፣ መኪናው ውስጥ።»

«ለምን እንደመጣችሁ ታውቃለች?»

ጋሽ ሽብሩ ክራቫታቸውን ነካኩ። አሰለፈች ጣሪያውን አዩ።

«ልንጠይቅሽ እንደምንመጣማ ታውቃለች» አለ ማርቆስ። «የምንጠይቀውን ነው እንጂ ያልነገርናት።»

«ሂድና ጥራት።»

ፋናዬ ስትገባ ሦስቱ ሰዎች እንደ ቆሙ፣ ሶፋው ባዶውን እንደ ሆነ አየች። ክራቫቱን፣ ነጠላውን፣ የአስተማሪዋን ፊት ተራ በተራ ተመለከተች። ነገሩ ወዲያው ገባት፤ ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

«እትዬ አሰለፈች! ሽማግሌ ላካችሁብኝ?»

«ላክንልሽ እንጂ፣ ላክንብሽ አይባልም» አሉ አሰለፈች።

«ዋላሂ፣ ቲቸር፣ እኔ አላውቅም። እኔ ማርክ አልለምንም። እወድቃለሁ እንጂ አልለምንም!»

«አውቃለሁ» አለች እሌኒ። «መጠየቅ የነበረብሽንም አልጠየቅሽም። ኮርስ አውትላይኑ ላይ ስለ ምትክ ፈተና የተጻፈውን አንብበሽዋል?»

«አንብቤዋለሁ።»

ያ ጽሑፍ አጭር ነው። ትምህርት ያላቋረጠ ተማሪ፣ ዝቅተኛ ያመጣበትን አንዱን የሚድ ፈተና፣ የመጨረሻው ውጤት ከመግባቱ በፊት፣ አስተማሪውን ጠይቆ በምትክ ፈተና ሊለውጥ ይችላል።

«አንብበሽ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

ፋናዬ ጣቷን እየቆለፈች እየፈታች ቆየች። «ደሴ እያለን» አለች በመጨረሻ፣ «መምህር ቢሮ የምትመላለስ ልጅ ማርክ ለማኝ ትባላለች። ከዚያም የባሰ ይባልባታል። እናቴ ስትሸኘኝ ያለችኝ አንድ ነገር ነው፦ ሰው ደጅ እንዳትጠኚ።»

እሌኒም ራሷ ዩኒቨርሲቲ ሳለች የመምህራኑን ሕንፃ በሩቁ ዞራ የምታልፍ ልጅ ነበረች። እዚህ አገር በየሳምንቱ «ቢሮዬ ክፍት ነው» እያለች ለክፍሉ ስታስታውቅ ከማይመጡት ውስጥ አንዷ ለምን እንደማትመጣ መገመት ያለባት እሷ ነበረች። ከማንም በፊት እሷ።

«ጋሽ ሽብሩ» አለች ቀስ ብላ፣ «ሽማግሌ ዋስ ይሆናል፣ አይደል?»

«ሽማግሌማ ዋስ ነው ሥራው!»

«እንግዲያው ማርኩን እምቢ ብያችኋለሁ። ምትክ ፈተናውን እሺ ብያለሁ፤ መብቷ ስለሆነ። ፈተናው የሚመጣው ሐሙስ ነው። ለእሷ ብቻ አይደለም፤ ሌሎች ሁለት የወደቁ ልጆችም አሉ፣ እነሱንም ዛሬውኑ እጠራለሁ። ለእሷ ብቻ የሚከፈት በር የለኝም። እስከዚያ ድረስ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ኮሌጁ ላይብረሪ ትገኛለች። ከሥራ የሚለቋት እርስዎ ነዎት።»

«በዓል እየደረሰ? ነጋዴው ሁሉ ናይፍ ገበያ ላይ እየተጋፋ? ሹግሉን፣ ሥራውን፣ ማን ይሠራዋል?»

«ዋስ ነኝ ብለዋል።»

ጋሽ ሽብሩ ማርቆስን አዩት፤ ማርቆስ ጫማውን አየ።

«እትዬ አሰለፈች ደግሞ ማታ ማታ የምታጠናበት ጸጥታ ይሰጧታል። ቴሌቪዥኑ ይጠፋል።»

«ይጠፋል።»

«ስልኩም።»

«የምን ስልክ?»

«የእርስዎ» አሉ ጋሽ ሽብሩና ማርቆስ በአንድ አፍ።

ፋናዬ እንኳን አንገቷን እንደ ደፋች ፈገግ አለች። አሰለፈች ለጥቂት ጊዜ ከራሳቸው ጋር ሲሟገቱ ቆዩና፣ «እሺ፤ ለአንድ ሳምንት» አሉ። ከዚያ ሶፋው ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ። «በሉ ተቀመጡ፤ እግሬ ሊቆረጥ ነው!»

*

የፋናዬ ችግር አለማወቅ አልነበረም፤ ይህንን እሌኒ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ታውቃለች።

በመጀመሪያው የትምህርት ቀን ለክፍሉ ሁሉ «እኔ የማርመው መንገዱን ነው፤ መልሱ የመንገዱ መጨረሻ ብቻ ነው» ብላ ነበር። ከስድስት ነጥብ መልሱ አንድ ነው የሚይዘው፤ አምስቱ የአሠራሩ ነው። ፋናዬ ግን ያደገችው በምርጫ ፈተና ነው። አራቱን ምርጫ እየተካች የሚገጥመውን ማክበብ፣ ከገጠመ ማለፍ፣ ፈጠን ማለት። ምርጫ በሌለበት ወረቀት ላይም እንዲሁ ነበር የምትሠራው። ስሌቱን በጭንቅላቷ፣ ካልሆነም በመዳፏ ላይ ትጨርስና ንጹሕ ነጭ ወረቀት ላይ መልሱን ብቻ በቆንጆ ጽሑፍ አስፍራ ትሰጣለች። ብዙውን ጊዜ መልሱ ትክክል ነው። ከስድስት አንድ ታገኛለች። ከባድ ጥያቄ ሲመጣ ደግሞ በጭንቅላት የተያዘው ክር ይበጠሳል፤ የተጻፈ ነገር ስለሌለ የት እንደተበጠሰ ለማየት አይቻልም። እሌኒ በየወረቀቱ ጥግ «አሠራርሽን አሳዪ» እያለች በቀይ ጽፋለች። ጽሑፉ ግን ልማድን አያሸንፍም።

እሑድ ላይብረሪ ውስጥ አንዱን ጠረጴዛ ያዙ። ፋናዬ፣ ጆኤል የሚባል የፊሊፒንስ ልጅ፣ እና ከሱዳን የመጣ ዑስማን የሚባል ጎልማሳ። እሌኒ እርሳስም ላጲስም ሰብስባ ለሦስቱም እስክሪብቶ ሰጠቻቸው።

«ስርዝ ቢመጣስ?» አለች ፋናዬ በአማርኛ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሟት ዝቅ አድርጋ።

«በአንድ መስመር ትሰርዢና ትቀጥያለሽ። የተሰረዘውንም ማየት እፈልጋለሁ።»

«ስርዝ ድልዝ ያለበት ወረቀት ለመምህር መስጠት ንቀት ነው፣ ቲቸር።»

«ለእኔ ክብሬ ነው።»

ፋናዬ ጻፈች። ሁለት መስመር፤ ከዚያ መልስ። እሌኒ ወረቀቱን መለሰችላት። ሦስት መስመር፤ ከዚያ መልስ። እንደገና መለሰችላት።

«ከዚህ እዚህ እንዴት ደረስሽ?»

«ግልጽ ነው እኮ!»

«ጻፊው።»

«ግልጽ የሆነውን? እርስዎ ለሚያውቁት? ይህማ እርስዎን ሕፃን ማድረግ ነው።»

«እኔ ሂሳቡን አውቃለሁ» አለች እሌኒ። «የማላውቀው አንቺ ማወቅሽን ነው። እሱን ንገሪኝ።»

ፋናዬ እስክሪብቶውን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ከአንድ ነገር ጋር ሊታገል እንደ ተነሣ ሰው ትከሻዋን ሰብሰብ አድርጋ ከመጀመሪያው መስመር ጀመረች። በሁለቱም ወገን ሰባት ቀነሰች፤ መቀነሷን ጻፈች። ሁለቱንም ወገን በኔጋቲቭ ሦስት አካፈለች፤ ማካፈሏን ጻፈች፤ የ«ይበልጣል» ምልክቱ መገልበጡንም፣ ለምን እንደተገለበጠም ጻፈች። ገጹ ሲሞላ ገልብጣ ቀጠለች። ጆኤል ሁለት ጥያቄ ሲጨርስ እሷ ከአንዱ አልወጣችም ነበር፤ ግን አላቆመችም።

በማግስቱም መጣች። ከዴይራ እስከ አጅማን ያለው መንገድ እንዴት እንደሚቆለፍ ለሚያውቅ ሰው፣ በየቀኑ በሰዓቱ መድረሷ ራሱ ፈተና ማለፍ ነበር። አንድ ቀን የካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር ክርኗ ላይ እንደተለጠፈ ደረሰች።

«ቤት እንዴት ነው? ጸጥታ አለ?» ብላ ጠየቀቻት እሌኒ።

«አለ፤ ግን ሰው ደንግጧል። ትናንት እትዬ አሰለፈች ኩሽና ገብተው በሹክሹክታ ጎንደር ደወሉ። እህታቸው እንደዚያ ዝግ ብለው ሲያወሩ ሰምተው ስለማያውቁ ማን ሞተ ብለው ኡኡ አሉ። ጎረቤት ተሰበሰበ። ለማስረዳት ሲሉ ደግሞ መጮህ ግድ ሆነባቸው።»

እሌኒ ላይብረሪ ውስጥ መሆኗን ረስታ ሳቀች። እንዲህ ከሳቀች ቆይታለች። ወዲያው ቆም ብላ፣ «በይ፣ አምስተኛውን» አለች።

*

ሐሙስ ሦስቱ ተፈታኞች ተራርቀው ተቀመጡ። ሰባ ካመጡ ውጤታቸው «ሲ» ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ በታች አይደርስም። እሌኒ ይህን ከፈተናው በፊት በግልጽ ነግራቸዋለች። የማረሚያ መስፈርቱንም ለእያንዳንዳቸው ሰጥታለች፤ የትኛው ደረጃ ስንት ነጥብ እንደሚይዝ እያንዳንዱ ያውቃል።

ፋናዬ አንዴ እንኳን ቀና አላለችም። እስክሪብቶዋ ሲሄድ ይሰማል። አንዱን መስመር ትሰርዛለች፤ ከሥሩ ትጽፋለች፤ ገጽ ትገለብጣለች። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲቃረብ ግን እጇ ቆመ። የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ነበረች። ወረቀቱን ታየዋለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ እንደገና ታየዋለች። እሌኒ ከሩቅ ሆና ልጅቷ መዳፏን ወደ ፊቷ ስታነሣ አየች። የቀድሞ ልማዷ ነው፤ መዳፏ ላይ ልትሠራ። ፋናዬ መዳፏን አየችውና ጠረጴዛው ላይ ገልብጣ አስቀመጠችው። ከዚያ በፍጥነት ጥቂት ቃላት ጻፈች።

«ጊዜው አልቋል» አለች እሌኒ።

ወረቀቶቹን የስሙን ቦታ አጥፋ፣ ጥያቄ በጥያቄ አረመቻቸው። መጀመሪያ የሦስቱንም አንደኛውን፣ ከዚያ የሦስቱንም ሁለተኛውን፣ እንዲሁ እያለች። ነጥቡን ወረቀቱ ላይ ሳይሆን ለብቻው ያዘች። ስሙን ማጠፍ ግን ምን ያደርጋል? የፋናዬን ጽሑፍ ከሺ ጽሑፍ ትለየዋለች።

የመጨረሻው ጥያቄ ስለ አንድ መጋዘን ነው። ርዝመቱ ከወርዱ በአራት ሜትር ይበልጣል፤ የወለሉ ስፋት ዘጠና ስድስት ካሬ ሜትር ነው፤ ርዝመቱና ወርዱ ስንት ነው? ፋናዬ እኩልታውን በትክክል አቁማዋለች። ሁሉንም ወደ አንድ ወገን አምጥታዋለች። አሥራ ሁለትንና ስምንትንም አግኝታለች። ሁለቱን ቅንፎች ስትጽፍ ግን ምልክቶቹን አቀያይራለች። ስለዚህ ወርዱ ስምንት መሆን ሲገባው አሥራ ሁለት፣ ርዝመቱ አሥራ ስድስት ወጣ።

ከዚያ በታች የመጨረሻው ደረጃ አለ፤ መልሱን ወደ ጥያቄው መልሶ ማረጋገጥ፣ አንድ ነጥብ። ፋናዬ አሥራ ሁለትን በአሥራ ስድስት አባዝታለች። መቶ ዘጠና ሁለት። ከጎኑ በተጣደፈ እጅ በእንግሊዝኛ እንዲህ ጽፋለች፦ «ይህ ዘጠና ስድስት አይደለም። መልሴ ስህተት ነው። በጭንቅላቴ ስምንትና አሥራ ሁለት ይመጣል፤ አሠራሬ ግን እዚያ አላደረሰኝም፤ የት እንደተሳሳትኩ አላገኘሁም።»

እሌኒ ነጥቦቹን ደመረች። የማረጋገጫው ነጥብ ካልተሰጠ ስልሳ ዘጠኝ፤ ከተሰጠ ሰባ።

ወንበሯን ወደ ኋላ ገፍታ ተነሣች። ከመስኮቱ ማዶ የኮሌጁ መኪና ማቆሚያ ባዶውን ነው። መስጠት ይገባታል ስትል፣ ከውስጧ አንድ ድምፅ «ሶፋው ላይ ስላደሩት ሴት ነው» ይላታል። መንፈግ ይገባታል ስትል ሌላው ድምፅ «አዳላች እንዳትባዪ ፈርተሽ ነው» ይላታል። ሁለቱም ድምፆች የእሷ ናቸው፤ አንዱም ስለ አልጀብራ አያወራም። በዚህ ጉዳይ ላይ እጇን ማመን እንደማትችል አወቀች። ማወቋ ከበዳት እንጂ አላስፈራትም። መስፈርቱንና ሦስቱን ወረቀት፣ ነጥብ ሳይጻፍባቸው፣ ስማቸው እንደታጠፈ፣ ሰብስባ ከኮሪደሩ ማዶ ወዳለው ቢሮ ወሰደቻቸው።

ዶክተር ናዲያ ዮርዳኖሳዊት ናት። ተማሪዎች ስሟን ሲሰሙ ክፍል ይቀይራሉ። የእሌኒን አስተያየት ሳትጠይቅ ወረቀቶቹን ተቀበለች፤ በማግስቱ መለሰቻቸው።

«አንደኛው ላይ ለጋስ የምትሆኚ ይመስለኛል፤ እኔ ቆንጥጬዋለሁ፤ ያልፋል ግን» አለች። ያ የጆኤል ወረቀት ነበር። «ሁለተኛው አያልፍም፤ ያሳዝናል።» ዑስማን። «ሦስተኛው ሰባ ነው።»

«የመጨረሻው ጥያቄ ላይ» አለች እሌኒ፣ ድምፅዋ እንዳይለወጥ እየጠበቀች፣ «የማረጋገጫውን ነጥብ ሰጥተሻል?»

«መስፈርትሽ አረጋግጥ ይላል። አረጋግጧል። ስህተት መሆኑን ማረጋገጥ ማረጋገጥ አይደለም እንዴ?» ዶክተር ናዲያ መነጽሯን አወለቀች። «ስሙን አላየሁም፤ ማየትም አልፈልግም። ግን ይኼ ሰው ላቦራቶሪ ውስጥ የእኔን ደም ቢመረምር ደስ ይለኛል። የተሳሳተውን ውጤት ደብቆ የሚገመተውን አልጻፈልሽም።»

እሌኒ አመስግና ወጣች። ውጤቶቹን አስገባች። ከዚያ ዑስማንን ራሷ ደውላ ነገረችው፤ እንዲህ ያለው ወሬ በኮምፒዩተር መነገር የለበትም ብላ ታምናለች። እሱ ገና አንድ ዕድል አለው። «በሚቀጥለው ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምረህ ቢሮዬ ትመጣለህ» አለችው። «አልጠራህም፤ ትመጣለህ።»

እትዬ አሰለፈች ደወሉ፤ ጸጥታው ማብቃቱን ለመረዳት ሁለት ቃል በቂ ነበር።

«ሰጠሻት?! እግዜር ይስጥሽ!»

«እኔ አልሰጠኋትም።»

«ታዲያ ማን ሰጣት?»

«ማንም አልሰጣትም፣ እትዬ አሰለፈች። ወረቀቷን ያየችው ሌላ ሴት ናት፤ ስሟንም አታውቀው።»

«እንግዲያ እኛ ምን ቤት ነን? ሽብሩ በዚያ ሙቀት ክራቫት አስሮ ሊቀልጥ የደረሰው ለምንድን ነው?»

«ከሰዓት በኋላውን የሰጧት እሳቸው ናቸው። ማታውን እርስዎ።»

«እሱስ እውነት ነው» አሉ አሰለፈች፣ ደስ ብሏቸው። «እኔ እኮ አልተነፈስኩም! ጎንደር ድረስ ተሰምቷል አለመተንፈሴ!»

*

ሰኞ ከሰዓት በኋላ የእሌኒ ቢሮ በር ተንኳኳ። ሁለት ጊዜ፣ አጭር፣ ጠንካራ።

ፋናዬ ናት። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው እዚህ ደጅ የምትቆመው። ትገባለች ወይስ ትመለሳለች የሚል ነገር ፊቷ ላይ አልነበረም። ወረቀቷን በእጇ ይዛለች።

«ልታመሰግኚ ከሆነ የመጣሽው፣ የሚመሰገን ነገር የለም» አለች እሌኒ።

«አይ፣ ቲቸር። ልጠይቅ ነው።» ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «የመጨረሻዋን ጥያቄ ቅዳሜንም እሑድንም ደጋግሜ ሠራኋት። ስምንት እንደሚመጣ አውቃለሁ። እዚህ ላይ ግን ለምን አሥራ ሁለት እንደሆነብኝ አሁንም አላገኘሁትም። እንዳይነግሩኝ። የትኛው መስመር እንደሆነ ብቻ ያሳዩኝ።»

«መስመሩንም አላሳይሽም። ተቀመጪ።»

ፋናዬ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። እሌኒ ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ ገፋ አደረገችላትና ወደ ራሷ ሥራ ዞረች። ፋናዬ ከእኩልታው ጀመረች። ሁሉንም ወደ አንድ ወገን አመጣች። ቅንፎቹን ጻፈች፤ ከዚያ እንደማታምናቸው ሁሉ ሁለቱን ቅንፎች ከመጀመሪያው አባዝታ ዘረዘረቻቸው፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ አንድም ደረጃ ሳትዘል። መሀል ላይ ያለው ቁጥር ጋ ስትደርስ እጇ ቀጥ አለ።

«ኔጋቲቭ አራት!» አለች። «ፖዘቲቭ ነበር እኮ መሆን ያለበት! ኧረ የእኔ ነገር!» በወረቀቱ ግንባሯን መታች። «ምልክቱን ነው የገለበጥኩት! ከዚህ ነው ወደ አሥራ ሁለት የሄድኩት!»

«እንዴት አወቅሽ?»

ፋናዬ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ዘጋችው። እስክሪብቶውን አነሣች።

«ቆይ፣ ልጻፈው» አለች።